አዳር ወይስ አዳራሽ

ለምወድሽ ታላቅ እኅቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ደረጃ ያስወጣሽ ጀመር? ባለቤትሽስ ያ ሳል ለቀቀው? ልጆቹስ? እኛ ከአባባ ዓይንና ከእኔ ጥፋት በቀር ደኅና ነን። ጥፋቱን ቀስ ብዬ አመጣዋለሁ፤ መጀመሪያ እጅ ጽሑፌን እይልኝ። ሰው ለምኜ ያስጻፍኩት እንዳይመስልሽ፤ እኔው ነኝ፣ በገዛ እጄ! የማታ ትምህርቱን በጨረስን ቀን አስተማሪያችን እንዳንተ ፈጥኖ የሚያነብ አላየሁም ብለውኛል። የቃሉን መጨረሻ ሳታይ አትጋልብ ብለውም ነበር፤ ይቺን ግን ለሰው አላወራኋትም። ክፍል ውስጥ ስሜ «ጋላቢው» ነው።

በስልክ ያልነገርኩሽ በአፌ አልወጣ ስላለኝ ነው። ደግሞም የምንኖረው አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ የአባባ ዓይን ደከመ እንጂ ጆሯቸው የጎረቤት ሹክሹክታ ይለቅማል።

ስለ ፏፏቴው ጉዞ ስንጨቃጨቅ መክረማችንን ታውቂያለሽ። ሐኪሙ ግራ ዓይናቸውም እንደ ቀኙ ሊጠፋ ጥቂት ወራት ነው የቀረው ካሉ ወዲህ፣ አባባ ሌላ ምኞት የላቸውም። በወጣትነታቸው የዚያን ቦታ ደረጃ ከሠሩት ድንጋይ ጠራቢዎች አንዱ አይደሉ? እኔ በቀን ደርሰን እንመለስ ስል፣ እሳቸው በቀን የሚሄድ ሰው የሚያየው የሰው ማጅራት ነው፤ ፏፏቴው የሚታየው ማለዳ፣ ሕዝቡ ሳይመጣ፣ ፀሐይዋ ጉሙ ላይ ቀስተ ደመና ስታወጣ ነው ይላሉ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ደግሞ፣ እኒህን ሽማግሌ ውሃ አፋፍ ላይ አሳድረህ ብርድ ልታስመታቸው ነው ወይ ብላ ጮኸችብኝ። በመጨረሻ አንቺ «ይደሩ» አልሽ፤ ነገሩ ተቆረጠ። እኔም ከማጠቢያ ቤቱ አለቃ ሁለት ቀን ፈቃድ ለምኜ፣ ሸሚዜን ተኩሼ (የደንበኛ አይደለም፣ የራሴን) ጉዞ ቢሮው ሄድኩ።

ጸሐፊዋ ቅጹን ልሙላልዎት ስትለኝ፣ ተይው እኅቴ፣ ፊትሽ የቆመው የተማረ ሰው ነው አልኳት። ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ። ቅጹ ላይ «አዳ» የምትለዋን ሳይ ልቤ ዘለለች፤ ምልክት አድርጌ፣ የፊርማዬን ጅራት አስረዝሜ ወጣሁ። ለካ «አዳራሽ» ኖሯል! «አዳር» ከሥሩ ነበረች። አዳራሹ ከገደሉ በላይ ያለ የመስታወት ቤት ነው። ሕዝቡ እዚያ ይታጨቃል፤ ተራ የደረሰው በመስታወቱ አሻግሮ ያያል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አውቶብሱ ይመልሰዋል። ወደ ደረጃው መውረድ የለም።

ያወቅሁት ትናንት ነው፣ ትኬቱን ሥራ ቦታ እያነበብኩ ስጎርር። ማታ አብራኝ የተማረችው ልብስ ተኳሿ በትከሻዬ አሻግራ አየችና፣ አንተ ጋላቢው፣ «ሽ»ዋን የት ዋጥካት አለችኝ። እየሮጥኩ ቢሮው ብሄድ ማደሪያው እስከ ክረምት ሞልቷል። ብለምን ብለማመጥ፣ ጸሐፊዋ ልሙላልዎት ብዬዎት ነበር እኮ ከማለት በቀር ምን ታድርግ?

ቤት ስገባ አባባ ብርድ ልብሳቸውን አጥፈው፣ የዓይን ጠብታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ በሩ ሥር አስቀምጠው ጠበቁኝ። ትኬቱን አንብብልኝ አሉ። እትዬ፣ ምን ልበልሽ፣ «አዳር» ብዬ አነበብኩላቸው። ድገመው አሉ፤ ደገምኩላቸው። ወረቀቱን ተቀብለው በጣታቸው እየዳበሱ ልብስ ሰፊዋን ጠሩና፣ ልጄ እኮ አነበበልኝ አሏት።

አሁን እጄን አጣጥፌ ተቀምጫለሁ። አውቶብሱ እሑድ ማለዳ ይነሳል። እውነቱን ብነግራቸው ተወው፣ ይቅር ይላሉ፤ ያቺ ዓይን ሌላ እሑድ ትጠብቅ እንደሆነ ማን ያውቃል? ከአውቶብሱ ቀርተን ደጅ ብናድር፣ ብርዱ አለ፣ ጥበቃዎቹም አሉ። ዝም ብዬ ብወስዳቸው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጡሩምባው ሲነፋ ምን እላቸዋለሁ?

ደብዳቤውን የያዘው ሹፌር ቅዳሜ ከሰዓት ይደርስልሻል። አትደውዪ፤ ስልኩን የሚያነሱት እሳቸው ናቸው። ሹፌሩ ማታውኑ ስለሚመለስ፣ አንዲት ቃል ብቻ ጽፈሽ ላኪልኝ። «ቀን» ካልሽ እውነቱን እነግራቸዋለሁ፤ «አዳር» ካልሽ ሁለተኛ ብርድ ልብስ እጨምራለሁ። እስከ መጨረሻው ፊደል አነበዋለሁ፣ እምልልሻለሁ።

ለባለቤትሽ እጅ ነሥቻለሁ በዪልኝ። ትልቋን ልጅሽን ግንባሯን፣ መንቶቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ ለአማትሽም ጤና ይስጥልኝ። አባባ አጠገቤ ተቀምጠው ብዕሩ ሲፍቅ እያዳመጡ ነው። ከፏፏቴው ስመለስ ያየሁትን ሁሉ እነግራታለሁ ብለህ ጻፍልኝ ብለዋል፤ ይኸው ጽፌያለሁ።

ከቤታችን፣ ከመስኮቱ ሥር
ሐሙስ፣ መጋቢት 8