አሞራ ገደል የተረገመው ልጅ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4፤ ማታ
ዛሬም ንጉሡን ከዙፋኑ ሳወርድ ነው የዋልኩት። ናሆም፣ የድሮ ተማሪዬ፣ የዛሬ ዳይሬክተሬ፣ ዘውድ አይፈልግም። የጥንቱ ተውኔት በዛሬ ሐዋሳ የሚካሄድ ፊልም ይሁን ብሏል። እሺ። ንጉሡ ሐይቅ ዳር ሆቴል ያለው ሀብታም ሆነ። የከዳው ልጁ ሥራ አስኪያጅ። አንድ ትዕይንት ግን አልሰጥም፦ አባት ልጁን በሕዝብ ፊት የሚረግምበትን። እሱ ከወጣ የሚቀረው የሆቴል ማስታወቂያ ነው። ናሆም በስልክ መልእክት ይርገመው ይላል። ይሄን ነው ያስተማርኩት?

ሐሙስ፣ ኅዳር 6
ተስማማ። ቅዳሜ እንቀርጻለን፤ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው። አባት የሚሆነው ጋሽ ደምሴ ነው፤ ዕድሜውን መድረክ ላይ ጨርሷል። በልምምድ ጮኸ።
«ጋሼ፣ ማይኩ ደረትዎ ላይ ነው። እዚህ የኋላ ወንበር የለም» አለው ናሆም።
«ከሌለማ ማን ያጨበጭብልኛል?»
ከሳምንቱ የወደድኩት ይህችን ብቻ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8፤ ከሰዓት
ካሜራው ጀልባ ውስጥ ተደበቀ። ገበያተኛው እንዳያፍር ተብሎ ለማንም አልተነገረም። እኔም እንደ ተውኔቱ «ሕዝቡ በዝምታ ያያል» ብዬ ጽፌ ነበር።
ጋሽ ደምሴ እጁን አንስቶ መርገም ሲጀምር ዓሣ የምትበልት ሴት ቢላዋዋን ጥላ እግሩ ላይ ወደቀች። «አባባ፣ በፈጣሪ፣ ይተዉት! ልጅዎ አይደል?» አንድ ዓሣ አጥማጅ በእርጥብ መዳፉ አፉን ያዘው። ሌሎች ልጁን ሆኖ የሚጫወተውን ተዋናይ አንገቱን ይዘው ጋሽ ደምሴ እግር ሥር ጣሉት። ጋሽ ደምሴ አለቀሰ። የመድረክ ለቅሶውን አውቀዋለሁ፤ ይሄ ያ አይደለም።
ናሆም ተበላሸ አለ። ትወና መሆኑን ለማንም ሳይናገር ካሜራውን ጠቅልሎ ሄደ።
አልተበላሸም። በተውኔቱ አባት ሲረግም ከተቀመጠበት የሚነሳ የለም። እዚህ ተነሱ። ፊልሙ ይሄ ነው።

እሁድ፣ ኅዳር 9
ናሆም ቀረጻውን ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ዘፈን ጨምሮበት። ሴትየዋ ስትወድቅ፣ ስትነሳ፣ ደግሞ ስትወድቅ። አገር ይስቃል። ደወልኩለት። ዶ/ር፣ ሰው ይዝናናበት እንጂ፣ አለኝ። ፊልሙ ውስጥ ይግባ አልኩ። አይገባም አለ። ርግማኑ በስልክ መልእክት ሆኗል።
ጋሽ ደምሴ ጠዋት ገበያ ሄዶ ነበር። ሴትየዋ ሮጣ መጥታ ልጁን ይቅር አሉት ወይ ብላ ጠየቀችው። አዎ አላት። ሌላ ምን ይበላት?
ድርሰቴን ነገ ከፊልሙ አወጣለሁ፤ ስሜንም። ግን በቅድሚያ አሞራ ገደል። የሰው ስልክ ሳያሳያት ትወና እንደነበር ራሴ እነግራታለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር ግን አላውቅም።