የጠፍሩ ሌላኛው ጫፍ

«እማ ከእንግዲህ ቆዳና አጥንት ብቻ ናት፤ ብመጣም አታውቀኝም። መጥቼ ምን እሠራለሁ?»

ወንድሜ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። ከላይ ያለው ያንተው ቃል ነው፤ አንዲት ፊደል አልጨመርኩም። የደብረ ሲና ብርድ እንዴት ይዞሃል? ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ። ሸዋ ሮቢት ሙቀቷን አልቀነሰችም፤ እማም በየማለዳው ትንሽ ትንሽ እያነሰች ትነቃለች።

ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ ላስተማረ ሰው «ቆዳና አጥንት ብቻ» ተብሎ አይጻፍም። ሁለቱንም አጽንቶ የያዛቸው ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው። እንደ ገመድ የተገመደ ነው፤ ቢጎትቱት እምቢ ይላል። ያለ እሱ አጥንት እንደ ኖራ ይፈረፈራል። ኢላስቲን የሚባለው ደግሞ ተለጥጦ የሚመለሰው ነው። እሱ ከእማ እጅ ላይ አልቋል፤ ቆዳዋን ቆንጠጥ ሳደርገው ከፍ እንዳለ ይቆይና፣ የረሳውን መንገድ እንደሚያስታውስ መንገደኛ ቀስ ብሎ ይመለሳል። እንግዲህ የቀራት የሚይዘው ነው። ይህን «ብቻ» አትበለው።

ከቀትር በኋላ በሩ ላይ ያለው ብርሃን ውሃ ይመስላል። እማ ያን እያየች የአባታችን ከብቶች ወንዝ ወረዱ ትለኛለች። እኔም አንዳንዴ ኮቴያቸውን የምሰማ ይመስለኛል።

የጠፍር አልጋዋ ላልቶ ጀርባዋ ቆሰለ። ስፖንጅ ፍራሽ ባመጣላት፣ እሳት ላይ አታስተኛኝ ብላ መለሰችው። ለአዲስ ጠፍር የበሬ ቆዳ ተልትዬ ነከርኩ። ታውቃለህ፣ ጠፍር እርጥብ ሳለ ሁለት ሰው ከሁለት ወገን ይወጥረዋል፤ ውሃው ሲወጣለት ክሮቹ ተጠጋግተው ራሱን ያጠብቃል። ላልቶ የታሰረ ግን ላልቶ ይደርቃል። በቤታችን ደግሞ የወላጅን አልጋ ባዕድ አይወጥረውም።

ብቻዬን ሞከርኩ። አንዱን ጫፍ ምሰሶው ላይ አሰርኩት። ጎረቤታችን ሙሀባ በር ላይ ቆማ፣ መምህር፣ ምሰሶው ይጎትትልሃል እንዴ? ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው፤ ላላ።

እማ መደቡ ላይ እንደተኛች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ያኛውን ጫፍ ማን ያዘው? አለችኝ። ትንሹ ልጄ ከሆነ መዳፉ ስስ ነው፣ በጨርቅ ይጠቅልለው አለች። ከሻሿ ጫፍ ቀድዳ ትራሷ ሥር አስቀምጣልሃለች።

ጠፍሩን ፈትቼ መልሼ ነክሬዋለሁ፤ በዚህ ሙቀት ግን ብዙ አይቆይም።

አላህ ቤትህን ይጠብቅልህ፤ ልጆችህ የሚጦሩህ ይሁኑ። እስከ ግንቦት 6 ድረስ መልስህን በጽሑፍ፣ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ላክልኝ። ጮክ ብዬ የማነበው ለእሷ ነውና ዐውቀህ ጻፍ።

ታላቅ ወንድምህ