ጭስ ላይ የተሰቀለ ገብስ

ሰኞ

«የገጹ ኮፒ ይያያዝ።» በቃ፣ ይቺው ናት። አማካሪዬ ሁለት ዓመት የለፋሁበትን የመመረቂያ ጽሑፍ አንብበው ሲጨርሱ በቀይ እስክሪብቶ ጠርዙ ላይ ያሰፈሩት ይህን ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ አልፏል። መደሰት ነበረብኝ። እኔ ግን ከቢሯቸው ስወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

አዲስ መመሪያ ነው። ከዘንድሮ ጀምሮ ጽሑፉ የቆመባቸው ዋና ዋና ምንጮች፣ የተጠቀሰው ገጽ ኮፒ ተደርጎ ከኋላ ይያያዛል። የእኔ ዋና ምንጭ አንድ የቆየ የግብርና ጥናት ሪፖርት ነው። እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ፦ በአርሲ ደጋ ገበሬው ለዘር ያሰበውን ገብስ ከምድጃ በላይ ጭስ ላይ ሰቅሎ ያቆያል፣ ነቀዝም አይደርስበትም። ገጽ አርባ ሰባት። ገጹን ሳይቀር ጽፌያለሁ። ሪፖርቱን ግን በዓይኔ አይቼው አላውቅም።

ከየት አመጣሁት? ሁሉም ከሚያመጣበት። ቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ የቀደሙት ተመራቂዎች ሶፍት ኮፒ ተደርድሯል። እኛ ዘንድ ከባዶ የሚጀምር የለም። የሲኒየርን ጽሑፍ ከፍቶ፣ የሚጠቅመውን ወስዶ፣ ቃል ቀያይሮ መቀጠል ነው። ማንም እንደ ስርቆት አይቆጥረውም። እኔም ቆጥሬው አላውቅም።

ማስረከቢያው ዓርብ ነው። ካለፈኝ እስከሚቀጥለው ዓመት እጠብቃለሁ። አንድ ጊዜ አራዝሜያለሁ። ጠዋት ባዮሎጂ እያስተማርኩ፣ ከሰዓት ይህን እየጻፍኩ ሌላ ዓመት አልችልም። በእውነት አልችልም።

ለነገ፦ ሐዊን ማግኘት። ሪፖርቱን ማውረድ። የአሥረኛ «ለ»ን ፈተና ማረም (ልጆቹ መጠየቅ ጀምረዋል)። የጫማዬን ሶል ማስለጠፍ።

ማክሰኞ

ሐዊ የክፍል ጓደኛዬ ናት። እሷ ስልክ ላይ የማታገኘው ነገር የለም ይባላል። ስነግራት ሳቀች። «ሰኒ፣ ለዚህ ነው እንዴ ፊትሽ እንዲህ የጠቆረው? አሥር ደቂቃ ስጪኝ» አለች።

አሥሩ ደቂቃ ከሰዓቱን በሙሉ በላው። ከግቢው ፊት ለፊት ካለው ካፌ ተቀምጠን ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል። ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ሞልቷል። የሲኒየሮቻችን ጽሑፍ ላይ አለ። የሆነ ሰው ብሎግ ላይ አለ። የስልጠና ስላይድ ላይ አለ። አንዱ ሌላውን ይጠቅሳል፣ ሁሉም ገጽ አርባ ሰባት ይላሉ። ሪፖርቱ ብቻ የትም የለም።

ከዚያ ሐዊ ያንን ሲጠይቁት የሚመልሰውን አፕ ከፈተች። ርዕሱን፣ የጸሐፊውን ስም፣ ሁሉን አሟልቶ ሰጠን። ተቃቀፍን። ለማረጋገጥ ደግመን ስንጠይቀው ሌላ ርዕስ፣ ሌላ ጸሐፊ አመጣ። ሦስተኛ ስንጠይቀው ይቅርታ ጠይቆ ሦስተኛ ሰጠን። «ይሄ ሰው ቢሆን በጥፊ ነበር የምለው» አለች ሐዊ።

ጽሑፉን የወሰድኩበትን ሲኒየር ደወልኩለት። «እኔም ከሲኒየር ነው የወሰድኩት። ምነው፣ ችግር አለው?» አለኝ። የእሱ ሲኒየር አሁን አቦምሳ ያስተምራል። እሱ ደግሞ አመሻሽ ላይ በቴሌግራም መለሰልኝ፦ «ላይብረሪ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። እኔ ግን አላየሁትም።»

ሐዊም ያቺው ዓረፍተ ነገር አለችባት። የእሷ ጽሑፍ ግን ስለ ማዳበሪያ ስለሆነ በመግቢያው ላይ ብቻ ነው ያስገባቻት። ገጽ አልተጠየቀችም። እድለኛ።

ሶሉ ተለጥፏል። የዛሬ ድል ይኸው ነው።

ረቡዕ

ላይብረሪ ሄድኩ። ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል፦ ባለፈው አንድ ዓመት የገባሁት ዋይፋይ ፍለጋና መብራት ሲጠፋ ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ብቻ ነው። ዛሬም ተማሪው ሁሉ ሶኬት ያለበት ግድግዳ ጥግ ተደርድሮ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። መደርደሪያዎቹ መሀል ማንም የለም።

ቦርሳዬን በር ላይ አስቀምጬ ቁጥር ተቀበልኩ። ጋሽ ከድር፣ ላይብረሪያኑ፣ ያው ሰማያዊ ጋዋናቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። የምፈልገውን ስነግራቸው ብዙ አልተደነቁም።

«ርዕሱ ምን ይባላል?»

«አላውቀውም።»

«ማን ጻፈው?»

«አላውቅም።»

«ያ ኢንተሎ፣ አንቺ ልጅ፣ ታዲያ ምንድን ነው የምታውቂው?»

«ገጹን።»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። አልሳቁም። እኔ ብሆን እስቅ ነበር።

የካርድ መሳቢያዎቹን አሳዩኝ። የላይኛዎቹ ውስጥ አሁን ክብሪትና የበር ቁልፎች ነው የሚቀመጡት። ታችኞቹ ግን ካርዶቹ እንደታሰሩ አሉ። «ገብስ» በሚለው ሥር አንድ በአንድ ገለበጥኩ። ስለ ገብስ በሽታ፣ ስለ ብቅል ገብስ፣ ስለ ገብስ ማዳበሪያ። ስለ ጭስ አንድም የለም። አቧራው አስነጠሰኝ፣ ዓይኔ አለቀሰ፣ ጣቶቼ ጠቆሩ። ስልክ ላይ ቢሆን አንድ ቃል መትቼ ጨርሼ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ጋሽ ከድር መስኮቶቹን መዝጋት ጀመሩ።

«ነገ ነይ» አሉኝ። «ገብሱን ተዪው። ጭስ ያለበትን ቤት እንፈልጋለን።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ለመጠየቅም ደክሞኝ ነበር። ወደ ቤት ስሄድ ካፊያው አላቆመም፣ ባጃጅም አጣሁ።

ሐሙስ

ተገኘ።

ጋሽ ከድር ጠዋት እኔ ክፍል ውስጥ ሳለሁ ፈልገው አቆይተውልኛል። ያደጉት በኦጎልቾ አካባቢ ነው። ትናንት ስነግራቸው ያሰቡት እዚያ ስለሚሰቀለው በቆሎ ነበር። ስለዚህ «በቆሎ» የሚለውን መሳቢያ አወጡ፣ ከዚያ ወደ ጓዳው ገብተው በሲባጎ ከታሰሩት ሪፖርቶች መሀል መዘዙት። ሽፋኑ በታይፕ የተመታ፣ ጠርዙን አይጥ የቀመሰው ነው። መታወቂያዬን ተቀብለው ሰጡኝ። ከክፍሉ አይወጣም።

ገጽ አርባ ሰባት። በኦጎልቾ ዙሪያ በቆላማው ቀበሌ ገበሬው ለዘር የሚያስቀረውን የበቆሎ ራስ ከነቅጠሉ አስሮ ከምድጃ በላይ ጭስ ላይ ይሰቅላል ይላል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ነው ስለ ደጋው የሚያወራው። እዚያ ገብስ በደንብ ደርቆ ጎተራ ይገባል። በቃ። ጭስ የሚል ቃል የለም።

የሆነ ሰው፣ የሆነ ዓመት፣ ሁለቱን አንቀጽ በችኮላ አንድ አድርጓቸዋል። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

ጋሽ ከድር «ገብስ በምኑ ይሰቀላል?» አሉኝ። «በቆሎ ራስ አለው፣ ቅጠል አለው፣ ታስሪዋለሽ። ገብሱን በምን ልታስሪው ነው?»

እኔ የሳጉሬ ገበሬ ልጅ ነኝ። የአባቴን ጎተራ እየጠረግኩ ነው ያደግኩት። ገብስ ተሰቅሎ አይቼ አላውቅም። ግን ጽሑፉ ላይ ስላገኘሁት፣ ድሮ የነበረ፣ ከእኛ በፊት የቀረ ነገር ነው ብዬ አመንኩ።

የከፋው ይሄ አይደለም። የከፋው መጠይቄ ነው። ገበሬዎቹን አንድ በአንድ «ገብስዎን ጭስ ላይ ይሰቅላሉ?» ብዬ ጠይቄያለሁ። አንሰቅልም አሉኝ። አንዲት ሴትዮ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ነው የሳቀችው። እኔ ምን አልኩ? «አይሰቅሉም» ብዬ ሞላሁ፣ ደምሬ ሠንጠረዥ ሠራሁ፣ በመደምደሚያዬ ላይ «ይህ ጠቃሚ ባህላዊ ልማድ እየጠፋ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ኖሮ የማያውቅ ነገር ጠፋ ብዬ አለቀስኩለት። ማስተርስ የምይዝበት ግኝት ይሄ ነው።

ማስረከቢያው ነገ ነው። ገጹን በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ፊደሉ ስላልጠራልኝ ሦስቴ ነው ያነሳሁት።

ዓርብ

አማካሪዬ ፎቶውን አንብበው ስልኬን መለሱልኝ። መጥፎ ሰው አይደሉም። እሳቸውም የደከማቸው ሰው ናቸው፤ ጠረጴዛቸው ላይ የተከመረው ጽሑፍ ፊታቸውን ሊሸፍን ምንም አልቀረውም።

«ምንጩን አውጪው» አሉ። «ዓረፍተ ነገሩ ይቆይ። የታወቀ ነገር ነው ብለሽ እለፊው።»

«የታወቀ አይደለም፣ ዶክተር። ገበሬዎቹ አያውቁትም።»

«መደምደሚያሽ ይፈርሳል። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

«ይቺን ዓረፍተ ነገር ይዘው የተመረቁ ልጆች አሉኝ» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለመስኮቱ። ቀጥለው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቢሮ እንደሚቆዩ፣ ፈርሙልኝ ካልኳቸው እንደሚፈርሙ፣ ውሳኔው የእኔ እንደሆነ ነገሩኝ።

እውነቱን ልጻፍ። ምንጩን አውጥቼ፣ አስፈርሜ ሰልፍ ይዤ ነበር። ጽሑፉን በጥራዝ አቅፌ ከማስረከቢያው መስኮት ፊት ቆሜ ነበር። ሁለት ሰው ብቻ ሲቀረኝ ያቺ የሳቀች ሴትዮ ትዝ አለችኝ። ስሟን እንኳ አልጻፍኩም፣ ቁጥር ነው የሰጠኋት። ከሰልፉ ወጣሁ። ኩራት አልተሰማኝም።

ቤት ገብቼ ፎቶውን ግሩፑ ላይ ለጠፍኩት። «ገጽ አርባ ሰባት ይኸው። ገብስ አይደለም፣ በቆሎ ነው። ደጋ አይደለም፣ ቆላ ነው። ሁላችንም ተሳስተናል» ብዬ። ብዙ ሰው አየው። አንዱ አውራ ጣት ሰጠኝ። ሌላው «ሙሉ ፒዲኤፉን ላኪልን» አለ።

ቅዳሜ

እስከ አምስት ሰዓት ተኛሁ። ሰው እንደሚተኛው ሳይሆን እንደተጣለ ጆንያ።

የቀሰቀሰችኝ ሐዊ ናት፣ በር እየደበደበች። ትናንት ጠዋት ነው ያስረከበችው። አልገባችም፣ ደጃፍ ላይ ቆማ ነው የተናገረችው።

«ግሩፑ ላይ ከመለጠፍሽ በፊት ለእኔ መደወል ያቅትሻል? ዶክተሩም እኮ ግሩፑ ውስጥ ናቸው። አሁን መግቢያዬን ቢከፍቱትስ?»

እውነቷን ነው። ስለ ሲኒየሮቹ አስቤያለሁ፣ ስለሚመጡት ልጆች አስቤያለሁ፣ ማክሰኞ ሙሉ ከሰዓቷን ለሰጠችኝ ልጅ ግን አላሰብኩም። ይቅርታ አልኳት። «ይቅርታሽን ምን ላድርገው?» ብላ ሄደች።

ፈተናውን አርሜ ጨረስኩ። አሥረኛ «ለ» ከፈራሁት ይሻላል። አንዱ ልጅ ለጥያቄው መልስ «ኢንተርኔት ላይ አለ» ብሎ ጽፏል። ዜሮ ሰጠሁት፣ ከዚያ ብዙ አየሁትና አንድ ነጥብ ጨመርኩለት።

እሁድ

በጠዋት ከአሰላ ሚኒባስ ይዤ ሳጉሬ፣ አባዬ ጋ ሄድኩ። ዘንድሮ እንደማልመረቅ በስልክ ልነግረው አልፈለግኩም።

ጎተራው ሥር ቁጭ ብሎ መጫኛ ሲገምድ ደረስኩ። ሁሉንም ነገርኩት። በቆሎውን፣ ገብሱን፣ ገጹን። ሥራውን ሳያቆም ሰማኝ።

«ማን ነው ገብስ የሚሰቅለው?» አለ።

«ማንም።»

«እኔን አትጠይቂኝም ነበር?»

«መጽሐፍ ላይ ያለ መስሎኝ ነው።»

«ነበረ እንዴ?»

«አልነበረም።»

መጫኛውን አስቀመጠ። ከሳቀብኝ አለቅሳለሁ ብዬ ነበር፣ አልሳቀም። ተነስቶ የጎተራውን ክዳን ገለጥ አደረገና ገብሱ ከመግባቱ በፊት እንዴት በጥርሱ ሰብሮ ድርቀቱን እንደሚያውቅ፣ ከገብሱ ጋር የሚቀላቅለውን አመድ ከየትኛው እንጨት እንደሚወስድ፣ እናቱ ከየት እንደተማረችው ነገረኝ። ሰው ጠይቆት የማያውቅ ስለሆነ ይሁን አላውቅም፣ ማቆም አቃተው። ጽፌ ጽፌ እጄ ዛለ። ከዚህ ውስጥ አንዱም በየትኛውም ሶፍት ኮፒ ላይ አላየሁትም። መጠይቄ ላይ «ሌላ ካለ» የሚል መስመር ነበር። ገበሬዎቹ ሲመልሱልኝ የሞላሁት፣ በኋላ ግን ያልቆጠርኩት መስመር። ወረቀቶቹ አሰላ፣ ከአልጋዬ ሥር ናቸው። እንደገና መጻፉ አንድ ዓመት ይፈጃል፣ ግን ከባዶ አይደለም።

«እና መቼ ነው የምትጨርሺው?» አለኝ ሲሸኘኝ።

«እንጃ፣ አባዬ።»

ደክሞኛል። ይህን የምጽፈው ሚኒባሱ እስኪሞላ እየጠበቅኩ ነው፣ ፊደሌ የተጣመመው ለዚያ ነው። አሁን ስልኬ ጮኸ። ሐዊ ናት። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «ጋሽ ከድር ላይብረሪውን ነገ ስንት ሰዓት ነው የሚከፍቱት? ገጹን ራሴ ልየው» ትላለች።

ሁለት ተኩል ብዬ መለስኩላት። መታወቂያሽን እንዳትረሺ።