ቀይ ክር የታሰረበት ድስት

ጥር 9፣ 2017

ሦስት የተማሪ ደንብ ልብስ ሰፍቼ ጨረስኩ። የአንዱ እጅጌ ተጣመመብኝ፤ ፈታሁት። ከሰዓት መብራት ሄደ፣ ከሰል ማንደድ ሆነ። ምሽት ላይ ሻይ በቀረፋ፣ የትናንቱን ዳቦ አሙቄ። እግሬን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሬ መቁጠሪያዬን ጀመርኩ። ሦስተኛው ምሥጢር ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። እንደ ሁልጊዜው።

ረቢአ ዛሬ አልመጣችም። ከሰንበቴ ገበያ ስትመለስ ራሴን አመመኝ ብላ ነበር። ጠዋትም ግድግዳውን አልመታችም። በአንድ ግድግዳ ስንኖር አሥራ አንድ ዓመት... ጠዋት ጠዋት መትታ “አካም ቡልቴ፣ ሔሉ?” ትለኛለች፣ እኔም ደህና አድሬያለሁ እላለሁ፣ ከዚያ ነው ቀኑ ቀን የሚሆነው።

ጥር 11

ጥምቀት። ታቦት ሲያልፍ ከደጃፌ ቆሜ አየሁ። የኔ፣ የካቶሊኩ፣ ቤተክርስቲያን ኮምቦልቻ ነው፤ ዛሬ መኪና የለም። ፊት ለፊቴ ያሉት አቶ ሣህሌ ዶሮዬን ባርከው አረዱልኝ።

ረቢአን ወባ ነው አሏት። ኪኒን ተሰጣት። ልጇ ሪሀና ጅማ ትማራለች። “እንዳትነግሪያት፣ ፈተና ላይ ናት፣ አፈር ስሆን” አለችኝ። ባል የላት፣ እኔም የለኝ። እንግዲህ እኔ ነኝ ያለሁላት።

ጥር 13

አራት ቀን እህል አልቀመሰችም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ “ሾርባ ነገር ስጧት፣ ጉልበት እንዲሆናት” አለች።

በሷ ድስት ድንችና ካሮት ቀቀልኩ። ክዳኑ ላይ ቀይ ክር የታሰረበት፣ ራሷ ከባቲ ገዝታ መደርደሪያዬ ላይ ያስቀመጠችው። ክርስቲያን ያረደው ነክቶት አያውቅም። ለሷ ሥጋ ስሠራ ወንድሟ አደም ያርዳል፣ በዚያ ድስት ይሠራል። እኔ ቤት ሳትሰጋ የምትበላው በዚህ ነው።

ድንቹን አንድ ማንኪያ ቀመሰች፤ መለሰችው። ሁለተኛ። መለሰችው። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ዓይኗ ገባ ብሏል። አደም ጨፋ ሮቢት ሄዷል፣ ስልኩ አይሠራም። ቤቴ ገባሁ። የጥምቀቱ ዶሮ መረቅ ምድጃው ላይ አለ...

ሁለት ጭልፋ። በሷ ድስት።

ዓይኗን ሳትገልጥ፣ “አደም ነው ያረደው?” አለች።

“አዎ።”

ጠጣችው። ሁሉንም። አልመለሰችውም።

ጥር 14

ተነስታ ተቀመጠች። “ከትናንቱ አለ?” አለች። አለ አልኳት። ሰጠኋት።

ትናንት ፈርቼ ነው። ዛሬስ? አደም ተመልሷል፤ በደጄ አልፎ ሰላም ብሎኛል። አንድ ዶሮ ገዝቶ ማሳረድ ነው። ፀሐይ ነበር... መውጣት ሰለቸኝ። ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ጥር 23

ረቢአ ድናለች። ጠዋት ግድግዳው ተመታ። ደስ አለኝ፤ ደህና አድሬያለሁ ለማለት ግን ዘገየሁ።

ቦኖ ውሃ ላይ ለሴቱ ሁሉ ታወራለች። “ወላሂ ኪኒኑ አይደለም፣ የሔሉ ሾርባ ነው ያነሳኝ። እንዲህ ያለ እጅ! አላህ ነው ጎረቤት አድርጎ ያስቀመጠልኝ።” አንዷ “ምን ጨመርሽበት?” አለችኝ።

“ድንች” አልኩ።

የካቲት 2

ኮምቦልቻ። ከቅዳሴ በፊት ንስሐ ገባሁ። ቅዳሴ መቅረቴን ተናገርኩ። ደንበኛ መሳደቤን ተናገርኩ። “ዋሽቻለሁም” አልኩ፣ መሐል ላይ፣ ቶሎ። አባ ኤርሚያስ “ስንት ጊዜ?” አሉ። “አንድ... ሁለት።” አሥር ጊዜ በሰላመ ገብርኤል ድገሚ አሉኝ። ከወንበሬ ሳልነሳ ጨረስኩት። ቆረብኩ። መናኸሪያ ሳምቡሳ በላሁ።

እንዲህ ቀላል ነው? ሚኒባሱ ውስጥ ደረሰኝ ያጭበረበርኩ ነው የመሰለኝ። እሳቸው ምን ያድርጉ? የነገርኳቸውን ነው የሰሙት።

የካቲት 17

ጾም ገባ። ረቢአ “ዘንድሮ አብረን ነን፣ የኛም ሊገባ ነው” አለች። “ማን ቀድሞ እንደሚከሳ እናያለን። አንቺ ሻይ የተፈቀደልሽ ሌባ ነሽ!” ሳቅሁ። ሌባ የምትለዋ ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረች።

የካቲት 25

ማፍጠሪያ ላይ ጠራችኝ። አደምም ነበር። ቴምር፣ ውሃ፣ ሾርባ። የሾርባ ነገር መነሳቱ አልቀረም።

“ኧረ አደም” አለች፣ “ያቺ የታመምኩ ጊዜ ያረድካት ዶሮ የምን ዶሮ ናት? እንደሷ ያለ ቀምሼም አላውቅ።”

አደም አያት። ከዚያ እኔን አየኝ። ማንኪያዬን ያዝኩ... ወዴት ልግባ?

“የገበያ ናት” አለ።

ስወጣ እስከ በሩ ሸኘኝ። “እትዬ ሔለን፣ እኔ ዶሮ አርጄልሽ ነበር እንዴ?”

ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ፈለግኩ።

“በረመዳን ነው ያስዋሸሽኝ” አለ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

አሁን የዋሸን ሁለት ሰው ሆንን።

የካቲት 30

ኮምቦልቻ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ድስቱን፣ ሁለቱን ጭልፋ፣ የማግስቱን፣ አደምን። አባ ኤርሚያስ ተኙ እንዴ ብዬ ቀና አልኩ።

“ለኔ ነገርሽኝ” አሉ። “ሾርባውን የጠጣሁት ግን እኔ አይደለሁም።”

“አባ፣ ብትጣላኝስ?”

“ትጣላሽ።”

“አሥራ አንድ ዓመት...”

“ልጄ፣ መባሽን መሠዊያው ፊት ተይና መጀመሪያ ሂጂ፣ ይላል። ታውቂዋለሽ። ቁርባኑ የትም አይሄድም። ይጠብቅሻል።”

አልቆረብኩም። ሌሎቹ እንዲያልፉ ጉልበቴን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። አንዲት ሴት “አይዞሽ” አለችኝ። አሞኝ መስሏት ነው።

መጋቢት 6

ዛሬም አልነገርኳትም። ጾም ላይ ናት፣ ለምን ልረብሻት? ከኢድ በኋላ እነግራታለሁ።

ለሷ አስቤ ነው? አይደለም።

መጋቢት 14

ቅዳሴ አልሄድኩም። መንገድ አለ፣ መኪናም አለ። አንሶላ አጠብኩ፣ መጋረጃ አጠብኩ፣ የታጠበውን ተኮስኩ። ቤቱ ያምራል። ሻዩ አይጥመኝም።

መጋቢት 21

ኢድ። ሾፌር ሁሉ በዓል ላይ ነው፤ ኮምቦልቻ የሚሄድ የለም።

ስድስት ሰዓት ላይ ረቢአ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ የተከደነ ሳህን ይዛ ገባች። እጇ ሂና ነው።

“የጾም ነው፣ አትፍሪ” አለች ገና ከበሩ። “ለብቻ ነው የሠራሁት። ቅቤ የነካው ማንኪያ አልነካውም። ዘይቱን እንኳ ከአዲስ ጀሪካን ነው የከፈትኩት። ሪሀና ለበዓል መጥታልኛለች፣ በሥጋው ጭልፋ ልታማስል ስትል እጇን መታሁላት። ‘ሔሉ ጾም ናት!’ ስላት፣ ‘እማ፣ ማን ያያል?’ አትለኝም? ‘አላህ አያይም?’ አልኳት።” ሳቀች።

ሳህኑን ተቀበልኩ። ትኩስ ነበር። ቀይ ምስርና ጎመን።

“ረቢ... ሾርባው።”

“የቱ ሾርባ?”

“የታመምሽ ጊዜ። አደም አይደለም ያረደው። አቶ ሣህሌ ናቸው። የጥምቀት ዶሮ ነው።”

ፈገግታዋ ትንሽ ቆየ። ነገሩ እስኪገባት ይመስለኛል።

“ጠይቄሽ ነበር አይደል?”

“ጠይቀሽኝ ነበር።”

“አዎ አልሽኝ።”

“አዎ አልኩሽ። እንዳትሞችብኝ ፈርቼ...”

“በማግስቱስ? በማግስቱም ልሞት ነበር?”

ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

“አደምስ?”

“እኔ ነኝ ያስዋሸሁት። እሱ ሊሸፍንልኝ ነው።”

ሻሿን አስተካከለች። ምንም አልሆነም፣ ያልተበላሸውን ነው ያስተካከለችው። “ሳላውቅ ነው የበላሁት። አላህ እኔን አይጠይቀኝም። አንቺ ግን ታውቂ ነበር፣ ሔለን።”

ሔለን አለችኝ። ሔሉ አላለችኝም።

ሳህኑን ትታልኝ ወጣች። በላሁት። ምን ላድርገው? ይጣፍጥ ነበር።

መጋቢት 24

ግድግዳው ዝም ብሏል።

መጋቢት 28

ሳህኑን መመለስ አለብኝ። ሳህን ደግሞ ባዶ አይመለስም። ምን ላድርግበት? ያበሰልኩትን ሁሉ አሰብኩ፤ ከኔ እጅ ምን ትበላለች? ስኳር ሞላሁበት። ስኳር ማንም አያርደው።

ሪሀና በር ከፈተች። “እማ ተኝታለች” አለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ። ከውስጥ የረቢአ ድምፅ ይሰማል፤ ስልክ ታወራለች። ሁለታችንም ያልሰማን ሆንን።

ሚያዝያ 5

ሆሳዕና። ድስቱ መደርደሪያው ላይ አለ። አቧራውን ጠረግኩለት። መልሺልኝ አላለችም። እኔም አልመለስኩም።

ሚያዝያ 12

ፋሲካ። በጠዋት መኪና አገኘሁ። አባ ኤርሚያስ በሩ ላይ ያዙኝ።

“ነገርሻት?”

“ነገርኳት።”

“ታረቃችሁ?”

“አልታረቅንም።”

ከበሩ ዘወር አሉልኝ። “ነይ” አሉኝ።

ቆረብኩ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ጸጥታ ብቻ ነው የተሰማኝ፤ እሱም ይበቃል መሰለኝ። ከሰዓት ቤቴ ገባሁ። ሌላ ጊዜ እንኳን አደረሰሽ ብላ ቀድማ የምትገባው እሷ ነበረች። ዶሮውን ብቻዬን በላሁ። ግማሹን ለአቶ ሣህሌ ቤት ላክሁ።

ሚያዝያ 15

ጠዋት ግድግዳው አልተመታም። አሁን አልጠብቅም።

አራት ሰዓት ላይ እጅጌ እየገጠምኩ ሳለ በሩ ተከፈተ። ረቢአ። በአንድ እጇ ፌስታል። ሰላም አላለችኝም። ቀጥ ብላ ወደ መደርደሪያው ሄዳ ድስቷን አወረደች።

ይኸው ወሰደችው፣ አልኩ በሆዴ። የስፌት መኪናዬን አቆምኩ።

ቧንቧው ጋ ወጣች። በአመድ ፈተገችው። አጠበች። እንደገና ፈተገችው። ቀዩን ክር ፈትታ ጣለች፣ ከኪሷ አዲስ አውጥታ አሰረች፤ እሱም ቀይ ነው። ተመልሳ ገባችና ምድጃዬ ላይ ጣደችው። ፌስታሉ ውስጥ ምስር፣ ሽንኩርት፣ የራሷ ዘይት።

ልነሳ ስል፣ “አንቺ ቁጭ በይ” አለች።

ተቀመጥኩ። በገዛ ወጥ ቤቴ፣ እንደ እንግዳ።

“ከእንግዲህ በዚህ ድስት እኔ ነኝ የምሠራው” አለች ጀርባዋን እንደሰጠችኝ። “እዚሁ። አንቺ አታማስዪም፣ አትጨምሪም። ገባሽ?”

“ገባኝ።”

“ስኳሩ በዛ። አንድ ኪሎ ስኳር ማን ይልካል? ሰርግ አለብኝ?”

ሽንኩርቱ ይቁላላል። አደም በመስኮቱ ሲያልፍ አየን፤ ቆም አለ፣ “አሰላሙ ዓለይኩም” ብሎ ሄደ። እሷ መለሰች፤ እኔም “ደህና ዋልክ” አልኩ። ዘወር ብሎ እጁን አነሳልኝ።

በማንኪያ ጫፍ አቀመሰችኝ። “እህ?”

ጥሩ ነው ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

“ጨው አንሶታል” አልኳት።

አየችኝ። ጨመረችበት።