የዛሬ ዓመት ይኼኔ

ቅዳሜ፣ ጳጉሜን 1

ያን ሁሉ የእንግሊዝኛ አባባል ትቼ ምን ነክቶኝ ይኼን መረጥኩ?

ደብተሬ ውስጥ ስንት አለ። ስለ ዝናብ አለ፣ ስለ ድመት አለ፣ ስለ ሰነፍ ሠራተኛ አለ። እኔ ግን ዛሬ ለእህቴ ለአስካለ ያስተማርኳት «ዚስ ታይም ኔክስት ይር» የሚለውን ነው። የዛሬ ዓመት ይኼኔ ማለት ነው። የደነገጥኩት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

አስካለ በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ አቦከር ሰፈር ባለው በአባታችን ቤት አብረን ነን፤ እሷ ትልቁ ክፍል፣ እኔ ከምጠግናቸው ሬዲዮኖች ጋር ጓሮ። ከሐምሌ ጀምሮ ተኝታለች። ሐኪሙ እኔንና ልጇን ትዕግሥትን ኮሪደር ላይ አቁሞ ሕመሙ ጉበቷ ላይ መሆኑን፣ መሰራጨቱን፣ የቀራትም ጥቂት ወር መሆኑን ነገረን። ለእሷ «ጨጓራ ነው፣ ቀስ እያለ ይሻልሻል» ተባለ። ያልናት እኛ ነን። ትዕግሥት ሐዋሳ ወዳለው ሥራዋ ስትመለስ አስምላኝ ነው የሄደችው። «ጋሼ፣ እንዳይነግሯት። ከሰማች በሳምንቷ ነው የምትሞትብኝ» አለች። ማልኩ። በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ለታማሚ አይነገርም። ለአባታችንም አልተነገረም።

እንግሊዝኛውን የጠየቀችኝ ራሷ ናት። «ከቱሪስት ጋር ስትቀባጥር ኖረሃል፤ ጣሪያ ከምቆጥር እኔንም አስተምረኝ» ብላ። እሷ ከአራተኛ ክፍል አቋርጣለች፣ እኔ ከስድስተኛ። ስለዚህ ፕሮፌሰሩ እኔ ነኝ።

አባባሉን ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። ከዚያ «‹ካደረሰን› የሚለው የቱ ጋ ነው?» አለችኝ።

የለም አልኳት። ፈረንጅ ዝም ብሎ «የዛሬ ዓመት ይኼኔ አዲሱ ቤቴ ውስጥ እራት እየበላሁ ነው» ይላል። በቃ።

«አይፈሩም?»

«ኢንሹራንስ አላቸው» አልኳት።

ሳቀች። ጎኗን ይዛ ነው የሳቀችው። ወጥቼ ጓሮ ቆምኩ።

እሁድ፣ ጳጉሜን 2

አባባሉን ልቀይርላት ብል እምቢ አለች። «አጠቃቀሙን ሳታስረዳኝ ወዴት ነው? ትናንት ትርጉሙን ብቻ ነው የነገርከኝ።» ሰነፍ ተማሪ መሆን ሲገባት!

አስረዳኋት። «በሚቀጥለው ዓመት» ከሚለው ይለያል። ያኛው ዓመቱን በሙሉ ነው። ይኼኛው ልክ ያለንበትን ቀን፣ ልክ ይችን ሰዓት ይዘህ ዓመት ተሻግረህ ራስህን እዚያ ማየት ነው። ፈተና ያለፈ ተማሪ ይለዋል። ቤት የሚሠራ ይለዋል። ልታገባ ያለች ትለዋለች፣ ያውም እየሳቀች። ደስታ ወይም ዕቅድ ሲኖር ነው የሚያምረው። በሌላ ጊዜ ምን እንደሚመስል አልነገርኳትም።

የሠራቻቸው ዓረፍተ ነገሮች፣ ግማሹ በእንግሊዝኛ፣ ግማሹ በአማርኛ፦

የዛሬ ዓመት ይኼኔ ለውዝ እየሸጥኩ አይደለም።

የዛሬ ዓመት ይኼኔ ይኼ ክፍል ያንተ ነው።

የዛሬ ዓመት ይኼኔ ሽንኩርት መክተፍ ለምደሃል።

የመጨረሻውን ስትል ዓይኗን ሰበረች። «ሽንኩርት የሚከትፍልኝ ሬዲዮ እፈለስፋለሁ» አልኳት። አልሳቀችም።

ከሰዓት በኋላ ፋጡማ መጣች። ከድሬ ጠያራ አትክልት እያመጣች ፈላና በር ገበያ ላይ ከአስካለ ጎን የምትሸጥ ናት፤ ስንት ዘመን ጎን ለጎን ተቀምጠው እየተበሻሸቁ። አስካለ የመሸጫ ቦታዋን ሰጠቻት። ጥላዋን፣ የለውዝ መስፈሪያ ጣሳዋን፣ ሁሉንም።

«ኧረ ስትድኚ ትቀመጪበታለሽ፣ ኢንሻአላህ» አለች ፋጡማ።

«አልመለስበትም። ውሰጂው ስልሽ ውሰጂው፣ ደግሞ ድንችሽን እስከ ግድግዳው ድረስ እንዳትዘረጊው፣ ሰው ይለፍበት።»

ፋጡማን እስከ በር ሸኘኋት። ጣሳውን ደረቷ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። «ጋሽ ለማ፣ ታውቃለች እንዴ? ማነው የነገራት? ወላሂ ሰው ተስፋ ሳይቆርጥ ቦታውን እንዲህ አይሰጥም።»

እኔም ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ሰኞ፣ ጳጉሜን 3

ሩፋኤል ነው። ጠዋት ዳመነ፣ ወደ ስድስት ሰዓት ዝናቡ ጣለ። ሰፈሩ በሙሉ ጸበሉን ልጠመቅ ብሎ ወጣ። አስካለም «አውጣኝ» አለች። ብርድ ነው ብላት፣ «እንግዲያው ጣሪያውን አፍርስልኝ» አለች። ደግፌ ግቢው መሐል አቆምኳት። ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ድሮ የለውዝ ጆንያ ተሸክማ ከእኔ ቀድማ ዳገት የምትወጣ ሴት ናት። ዛሬ በአንድ እጄ ያዝኳት፤ ሌላው እጄ ሥራ ፈቶ ነበር።

ልብሷን ከቀየረች በኋላ ሳጥኗን አስከፈተችኝ።

ጥቁሩ ካባ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጥ።

ትልቁ ብረት ድስት የእድሩ ይሁን።

የባሏ ኮት ለእኔ። (ሁለት ለማ ይገባበታል።)

አልጋውን ደግሞ «ማን ይገዛዋል?» አለች። የተኛችበትን አልጋ!

አሁን እርግጠኛ ነኝ። ታውቃለች። ከእኛ ደብቃ ለብቻዋ ዕቃዋን እየሰበሰበች ነው። እኛ እንዳታዝን ብለን እንደብቃታለን፣ እሷ እንዳናዝን ብላ ትደብቀናለች። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ተደባብቆ ይኖራል? ልጅ ሆነን እንኳ ስንደበቅ አንዱ ነው የሚደበቀው፣ ሌላው ይፈልጋል።

ትዕግሥት ለበዓሉ ረቡዕ ትመጣለች። ከዚያ በፊት እነግራታለሁ። መሐላዬን እበላለሁ። የምታውቀውን ነገር መንገር እንደ መንገር አይቆጠርም፣ ብቻዋን እንዳልሆነች ማሳወቅ ነው።

ማክሰኞ፣ ጳጉሜን 4

ነገርኳት።

አታውቅም ነበር።

እንዳይጠፋኝ እንደሆነው ልጻፈው። ሾርባዋን ጠጥታ ስትጨርስ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «እትዬ፣ ከእንግዲህ መደባበቁ ይብቃን» አልኳት። ትክ ብላ አየችኝ፣ እንባዋ መጣ። «ደርሰህበታል አይደል? ፈርቼህ ነው ያልነገርኩህ» አለች። ልክ ነበርኩ ብዬ እፎይ አልኩ! እጇን ያዝኩና «እኛም እኮ ፈርተን ነው። ሐኪሙ ጉበት ነው፣ ተሰራጭቷል፣ መድኃኒት የለውም ሲለን እንዴት ብለን እንንገርሽ?» አልኳት።

እጇ እጄ ውስጥ ደረቀ።

«ጨጓራ ነው አላላችሁኝም?» አለች።

እሷ የደበቀችኝ ሌላ ነው። ትዕግሥት በስልክ «ሲሻልሽ ሐዋሳ መጥተሽ ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ» ብላት ነበር። ልጅቷ ለማጽናናት ነው ያለችው፤ እናት ግን እውነት መስሏት ዕቅድ አወጣች። ቦታዋን የሰጠችው፣ ሳጥኑን ያራገፈችው፣ አልጋውን ልትሸጥ ያሰበችው ለዚያ ነው። ከኅዳር በኋላ ሙቀት አገር፣ ሐይቅ ዳር። እኔን ብቻዬን ጥላኝ ስለምትሄድ አንጀቷ አልችል ብሎ፣ እንዴት እንደምትነግረኝ እየተለማመደች ነበር። ሽንኩርቱም ለዚያ ነው። የዛሬ ዓመት ይኼኔ ስትል የእውነቷን የዛሬ ዓመት ይኼኔ ማለቷ ነበር። አስተማሪው እኔ፣ እንዳስተማርኳት በትክክል ተጠቀመችበት፤ ማመን ያቃተኝ እኔ ነኝ።

ወደ ግድግዳው ዞረች። «ውጣ» አለች። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ጳጉሜን 5

ምንም አልቀመሰችም። ውኃ ብቻ።

ትዕግሥት ስምንት ሰዓት ላይ ገባች፣ ዶሮና ብርቱካን ይዛ፣ እየሳቀች። ግቢው ላይ ነገርኳት። ብርቱካኑ ከእጇ ወደቀ። «ምለውልኝ ነበር እኮ፣ ጋሼ! በምን አንጀትዎ? ቀልድ መሰለዎት?» ተናዳም «እርስዎ» ማለቷን አልተወችም፣ እሱ ነው ይበልጥ የቆረጠኝ። የምቀልድበት ነገር ሁሉ አፌ ላይ ደርቋል። የታወቅኩት በቀልድ ነው፣ ማን አምኖ ይቅር ይለኛል?

አስካለ ከውስጥ «ትዕግሥት» ብላ ጠራቻት። ገባች። በሩ ተዘጋ። ከዚያ ልቅሶ ሰማሁ፣ የልጅቷን ብቻ።

እኔ ጓሮ ገብቼ የጎረቤት ሬዲዮ ፈታሁ። ጤነኛ ሬዲዮ ነበር። ባለቤቱ ያመጣው ድምፅ መጨመሪያዋ ላልታ ነው። አሁን ጠረጴዛው ላይ በትኜው የትኛው የት እንደሚገባ አላስታውስም።

ወደ ማታ ትዕግሥት ወጣችና የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። ሳታየኝ «እኔን ነው የተቀየመችው» አለች። «‹ሐዋሳ ነይ ያልሽኝ እየቀለድሽብኝ ነው?› አለችኝ። ምን ልበላት?» ጎን ለጎን ተቀመጥን። ብርቱካን ላጥኩላት። በላች።

ሐሙስ፣ መስከረም 1

ዓመቱ ተለወጠ።

ጠዋት ጎረቤት እየመጣ «እንኳን አደረሰሽ» ሲላት ከውስጥ ሆና ለእያንዳንዱ «እንኳን አብሮ አደረሰን» አለች፣ ጥርት ባለ ድምፅ። ፋጡማም ለእንቁጣጣሻችን ብላ የዘይቱን ፍሬ ይዛ መጣች። አስካለ መጀመሪያ የጠየቀቻት ድንቹ መንገድ ዘግቶ እንደሆነ ነው።

ሰው ሲቀንስ እኔንም ጠራችኝ። ከማክሰኞ ወዲህ ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። በሩ ጋ ቆምኩ።

«ቁጭ በል። ስንት ወር ነው አሉ?»

ትዕግሥትን አየሁ። አንገቷን ደፍታለች። እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው፣ ሐኪም ይሳሳታል፣ ምናምን ብዬ ጀመርኩ።

«ለማ! ጀምረኸዋል፣ ጨርሰው።»

ጨረስኩት። ሐኪሙ ያለውን እንዳለው ነገርኳት። በጣቷ ብርድ ልብሱ ላይ ቆጠረች፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ እንዲህ እያለች። ከዚያ ጣቷን አጠፈች።

«ደባብቃችሁኝ ሁለት ወር በልታችሁብኛል» አለች። እውነቷን ነው። «እንግዲህ ኅዳርን አልጠብቅም። ቅዳሜ እንሄዳለን።»

ትዕግሥት ተነሣች። እማዬ መንገዱ ረጅም ነው፣ ሁለት ቀን ነው፣ ይጎዳሻል፣ አለች። «ከዚህ የበለጠ ምን ያደርገኛል? ነይ ብለሽኛል፣ መጥቼልሻለሁ። ወይስ ቤትሽን አልጠረግሽም?» ልጅቷ ሳቅም ልቅሶም ያልሆነ ነገር አሰማች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን አቀፈቻት።

እኔ በልቤ ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡስ ተራ አድርሻቸው ስመለስ ይታየኝ ነበር። ባዶው ክፍል፣ የማይሆነኝ ኮት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ይገባኛል።

«ቲኬቱን ዛሬ ሂድና ያዝ» አለችኝ። «የሦስት ሰው።»

«ሦስተኛው ማነው?»

«አንተ ነህ እንጂ፣ ደንቆሮ! በመንገድ ላይ ስታመኝ ትዕግሥት ብቻዋን ትሸከመኝ? ይቅር ብዬህ እንዳይመስልህ ደግሞ። ገና ነኝ።»

«እስከ መቼ ነው የምትቀየሚኝ?» አልኳት። አፌ አያርፍም።

«እዚያ ደርሰን አየዋለሁ።»

ቲኬቱን ቆርጫለሁ። ወንበሯ መስኮት ጋ ነው። ሐኪም ቤት ሄጄም የሕመም ማስታገሻዋን ለመንገድ የሚበቃ አምጥቻለሁ፤ ትዕግሥት ሰዓቱን በወረቀት ጽፋዋለች። መንገዱን ትችለው እንደሆነ አላውቅም። ችላው ከደረሰችም በኋላ እዚያ ስንት ቀን እንደምንሆን፣ ማን ሆኜ እንደምመለስ አላውቅም። ሦስት ሸሚዝ አጥፌ ፌስታል ውስጥ ከትቻለሁ። አራተኛውን እጄ ላይ ይዤ ልጨምረው ወይስ ልተወው እያልኩ ተቀምጫለሁ።