የማብሩካ ወገብና ብርሃን ያላት መርፌ

ውድ መምህሬ ላላ ዙበይዳ፣

ጡረታ ወጥተው ቀርቀና ደሴት ከገቡ ወዲህ ስልክ እንደማያነሡ ስለማውቅ ልጽፍልዎ ተቀመጥኩ። ተሳካልን! ዛሬ ጠዋት፣ እዚሁ ስፋክስ፣ ማደንዘዣ መስጠት ባስተማሩኝ በዚያው ክፍል ውስጥ!

ከጫፏ ብርሃን የምትሰጥ የወገብ ማደንዘዣ መርፌ እየሠራን ነው ስልዎ የሳቁት ሳቅ እስካሁን ይሰማኛል። «የእኛ ዓይን ጣታችን ላይ ነው፤ ፋኖስ ይዞ ሰው ወገብ ውስጥ የሚገባ ማን አለ?» አሉኝ። መሐንዲሱ ራድዋን ግን ከፀጉር የቀጠነች የመስታወት ክር በመርፌዋ ውስጥ አሳለፈ። ጡንቻ፣ ስብና ደም ብርሃኑን በየራሳቸው መልክ ይመልሱታል፤ እሱም ማሳያው ላይ በቀለም እንዲለይ አደረገው።

መርፌዋን እንድንሞክርባት መጀመሪያ የፈቀደችልን፣ ሁለተኛ ልጇን በቀዶ ሕክምና ልትወልድ የመጣችው ማብሩካ ናት። አከርካሪዋ ከልጅነቷ ጀምሮ የተጣመመ ነው። የበኩር ልጇን በቀዶ ሕክምና ስትወልድ ሐኪሞቹ ወገቧ ላይ ሞክረው ሞክረው አልሆን ሲላቸው ሙሉ በሙሉ አስተኟት።

«ልጄ ሲያለቅስ ጽዳት ሠራተኛዋ እንኳ ሰምታዋለች» አለችኝ። «እናቱ እኔ ብቻ አልሰማሁም። ዘንድሮም ካስተኛችሁኝ አልወልድም!»

አማቷ ከበሩ ላይ ሆነው፣ «ዶክተር፣ ይቺን ልጅ ከወገቧ ይልቅ ምላሷን ብታደነዝዢልን!» አሉ።

ማብሩካ ትራሷን አቅፋ ጎንበስ አለችልኝ። መርፌዋን ቀስ እያልኩ ገፋሁ። ድንገት አውራ ጣቴ ስር ያለው ግፊት ለቀቀኝ፤ መርፌዋ ቦታዋ ስትደርስ እንደሚሆነው። ያንን ስሜት ከእርስዎ በላይ ማን ያውቀዋል!

«ገባሁ» አልኩ።

«አልገባሽም!» አለ ራድዋን። «ማሳያው ጡንቻ ነው የሚለው።»

«ጣቴ ገብተሻል ይለኛል።»

«ጣትሽን አከብራለሁ፤ ግን ቦታው ላይ መታየት ያለበት ስብ የታለ?»

ላላ ዙበይዳ፣ ልቤ ለሁለት ተከፈለ። መድኃኒቱን ብሰጥና ቦታው ባይሆን፣ ማብሩካ ዳግመኛ ልትተኛ ነው። መርፌዋን መለስ አድርጌ አቅጣጫ ቀየርኩ። ማሳያው ቀላ፤ ደም! ቆምኩ፤ እንደገና መለስኩ።

«ዶክተር» አለች ማብሩካ ከትራሷ ሥር፣ «መንገድ ጠፋብዎት እንዴ? ሰው ይጠይቁ እንጂ!»

ራድዋን ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «አታስቂን፣ አትንቀሳቀሺ!» ብዬ ለሦስተኛ ጊዜ ገፋሁ። ጡንቻው አለቀ፤ ጅማቱ መጣ፤ ከዚያ ማሳያው ቢጫ ሆነ፤ ስብ! ከህብለ ሰረሰሩ መሸፈኛ ፊት ያለችው ያቺ ጠባብ ክፍተት። አውራ ጣቴም በዚያችው ቅጽበት ቀለለው። ጣቴና ብርሃኑ አንድ ቃል ሲናገሩ ልጮህ ምንም አልቀረኝ!

መድኃኒቱን ሰጠሁ። ትንሽ ቆይታ ማብሩካ፣ «እግሮቼ የሌላ ሰው እግር ሆኑ» አለች።

ከዚያ ቀዶ ሐኪሞቹ ሥራቸውን ጀመሩ፤ ሕፃኗም ወጣችና አለቀሰች። ያቺ አፏ የማያርፈው ማብሩካ ዝም አለች። አማቷ ከውጭ እልል ሲሉ እጇን አንሥታ፣ «ዝም በሉ! ልስማት፣ ልስማት» አለች። ክፍሉ ውስጥ የሕፃኗ ድምፅ ብቻ ቀረ። ራድዋን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ እኔም ጭንብሌን በእንባ አረጠብኩት።

በኋላ አማቷ «ኑር፣ ብርሃን እንበላት፤ እናቷን የረዳት ብርሃን ነው» ቢሉ፣ ማብሩካ «ልጄን በመርፌ ስም አልጠራትም!» ብላ ሁላችንንም ዳግም አሳቀችን።

በአንዲት ሴት ብቻ አይፈረድም፤ ሳይሉኝ አውቃለሁ። ለዚህ ነው እርስዎን የምፈልግዎ። በሚቀጥለው ሳምንት ወገባቸውን ቀጥ ማድረግ ያቃታቸው አንድ አዛውንት አሉን። መጥተው አጠገቤ ይቁሙ፤ ስንሳሳት ይቆጡን። ወደቡ ላይ እጠብቅዎታለሁ። ካልመጡ ግን ራድዋንንም፣ መርፌዋንም፣ ይህን ሁሉ ጩኸቴንም ይዤ ደጅዎ ድረስ እመጣለሁ!

አክባሪ ተማሪዎ፣
ኢንሳፍ