ምህረትን ከሚኒ ሚዲያ ያስወጣኋት እኔ ነኝ

ረቡዕ፣ መጋቢት 18

ዛሬ የምህረት አባት አቶ ላሬቦ ከጃጁራ መጥተው መምህራን ማረፊያ ድረስ ፈለጉኝ። የመጡት የልጃቸውን መልቀቂያ ሊወስዱ ነው።

ምህረት እዚህ ሆሳዕና ቤት ተከራይታ የምትማር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዬ ናት። መስከረም ላይ በአማርኛዬ ይስቁብኛል ብላ ክፍል ውስጥ እጇን አታወጣም ነበር። ሚኒ ሚዲያ ገብታ በእረፍት ሰዓት ዜና ማንበብ ስትጀምር ግን ክፍልም ውስጥ መጠየቅ ጀመረች፤ ውጤቷም ከፍ አለ። እኔ ደግሞ ምን እንዳነቃት ሳላስተውል ጥር ላይ ጠራኋትና "ማትሪክ ደርሷል፤ ማይኩን ተይና አጥኚ" አልኳት። አልተከራከረችኝም። ዜና የምትጽፍበትን ደብተር አስረክባኝ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ዝም አለች፤ ቀጥሎ ከክፍል መቅረት ጀመረች። በቅርቡ በተሰጠው ፈተና ሦስት ትምህርት ወደቀች።

"ወደ ሚኒ ሚዲያው እመልሳታለሁ፤ ብቻ ትምጣ" አልኳቸው አባቷን።

"እኔም ለምኛት ነበር መምህር፤ እንቢ አለች። ዱራሜ አክስቷ ሱቅ ልትገባ ነው።" መልቀቂያውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። "ጌታ ይባርክዎት። ለትምህርቷ የተጨነቁላት እርስዎ ብቻ እንደሆኑ ነግራኛለች።"

ያስወጣኋት እኔ ነኝ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። የወጣኝ ግን "በሰላም ይግቡ" የሚል ነበር።

ለአባቷ ያልነገረችብኝ አዝናልኝ ይሁን፣ ወይስ እውነትም ያሰብኩላት መስሏት፣ አላውቅም።